የተገለበጠ የዓይን ቆብ፦ በፍራንክፈርት በኩል የሚነገር ታሪክ

የታችኛው የዓይን ቆብ ሥራው የሚታወቀው ሲበላሽ ነው። ጤነኛ ሲሆን ከዓይን ኳሱ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፤ በጠርዙ ላይ ቀጭን እንባ ይዞ፣ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ወደ አፍንጫ በኩል ይገፋዋል፤ እንባውም በማዕዘኑ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ገብቶ በውስጥ ቦይ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ቆቡ ላልቶ ወይም ተጎትቶ ወደ ውጭ ሲገለበጥ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። ቀዳዳዋ ከእንባው ትርቃለች፤ እንባው በጉንጭ ላይ ይፈሳል፤ የሚያለቅሰው ዓይን ግን ራሱ ይደርቃል፣ ይቆረቁራል። ታማሚው እንባውን በጠረገ ቁጥር የላላውን ቆብ ይባስ ወደ ታች ይጎትተዋል። ከሁሉ በፊት የተመልካችን ዓይን የሚስበው ግን ወደ አየር የወጣው ቀይ የውስጥ ሽፋን ነው። የዚህ በሽታ ሕክምና ታሪክ ለብዙ ዘመን የዚያ ቅላት ታሪክ ሆኖ ቆይቷል፤ ሐኪሞች የሚታየውን ሲተኩሱና ሲቆርጡ ቆብን ያስገለበጠው ጉድለት ሌላ ቦታ ተቀምጦ ነበር። የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ ፈውሱ የመጣው ስለቱ ስለተሳለ ሳይሆን፣ በአንድ ስም ይጠራ የነበረው ሕመም በየመንስኤው ስለተለያየ ነው። ነገሩን በማይን ወንዝ ዳር ባለችው በፍራንክፈርት በኩል መከተል ይቻላል፤ ሁሉም እዚያ ባይሆንም ብዙው በዚያች ከተማ አልፏል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ክርክር የመጀመሪያው ተቃውሞ ከጥንት ይመጣል። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን በላቲን የጻፈው ሮማዊው ኬልሰስ የታችኛው ቆብ መገልበጥ ሁለት ምንጭ እንዳለው አስቀምጧል፦ ከቆቡ ላይ ቆዳ አብዝቶ የቆረጠ ሐኪም ያመጣው፣ እና እርጅና ያመጣው። ለመጀመሪያው ጫፎቹ ወደ መንጋጋ የዞሩ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ቅድ፣ ለሁለተኛው ደግሞ በቀጭን ብረት መተኮስን ያዝዛል። እንግዲህ መንስኤ መለየት የኋላ ዘመን ግኝት ነው ማለት እንዴት ይቻላል? ተቃውሞው ክብደት አለው። ነገር ግን እርጅና ብሎ መሰየም በእርጅና ውስጥ የቱ ክፍል እንደላላ ማወቅ አይደለም። ኬልሰስ ለሽማግሌው ያዘዘው ተኩስ ያነጣጠረው ወጥቶ በሚታየው ሥጋ ላይ ነበር። ትኩሱ ጠባሳ ሲሆን ተኮማትሮ ቆቡን ለጊዜው ወደ ዓይን ይስበው ይሆናል፤ ቆቡን ከአጥንት ጋር የያዘው ጅማት ግን እንደላላ ይቀራል። ከእርሱ በኋላ የመጡ አንዳንዶች ደግሞ ብረቱን ይዘው ልዩነቱን ረሱት።

በ1598 ፍራንክፈርት ውስጥ አንድ መጽሐፍ ታተመ። የቦሎኛው ጋስፓሬ ታልያኮዚ ከዓመት በፊት በቬኒስ ያወጣው ሥራ ነው፤ የፍራንክፈርት አታሚዎች፣ የመጽሐፍ ገበያቸው በመላው አውሮፓ የታወቀ ስለነበር፣ ተፈላጊ መጽሐፍን ደግሞ ለማተም አይዘገዩም። ታልያኮዚ የክንድ ቆዳን ከተቆረጠ አፍንጫ ጋር ለሳምንታት አጣብቆ በመያዝ አዲስ አፍንጫ መሥራትን አስተማረ፤ ከንፈርና ጆሮንም ጨመረ። የዓይን ቆብ ግን በርዕሱ ላይ እንኳ የለም። ቆዳ የጎደለው ክፍል ከሌላ ቦታ በመጣ ቆዳ ሊሞላ እንደሚችል የሚያስተምር መጽሐፍ በከተማው ገበያ እየተሸጠ፣ በቃጠሎ ጠባሳ ቆቡ የተጎተተ ሰው ከዚህ እውቀት እስኪጠቀም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ጠበቀ። መፍትሔው ነበረ፤ ያልነበረው የዚህ ሰው ችግር የቆዳ እጥረት ነው ብሎ የሚያስብ ሐኪም ነበር።

ሎሬንዝ ሃይስተር በዚችው ከተማ መስከረም 19 ቀን 1683 ተወለደ፤ አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ነበር። ሃይስተር ልጅ ሳለ፣ በ1698፣ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ በተማረው ላይ ተመሥርቶ የመጀመሪያውን የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት እዚያው ፍራንክፈርት አሳተመ። ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙት በከተማውና በማተሚያ ቤቶቹ ብቻ ነው፤ ቢሆንም የዚህ ጽሑፍ አንባቢ ሳያውቀው ቢያልፍ ይቆጨኛል። ሃይስተር በኔዘርላንድስ ተምሮ፣ በፍላንደርስ ጦር ሜዳ ቁስለኛ አክሞ ተመለሰ። በመጀመሪያ የተከራከረው ስለ ዓይን ሞራ ነው። የዚያ ዘመን ዓይን ፈዋሾች ሞራ ከብርሃን አሳላፊው ምስሪት ፊት የሚጋረድ ስስ ሽፋን ነው ይሉ ነበር፤ የሚታየው እንደዚያ ስለሚመስል። ፈረንሳዊው ብሪሶ የደፈረሰው ምስሪቱ ራሱ ነው ሲል ሃይስተር ደገፈው፤ በ1713 ባሳተመው መጽሐፍም አስረዳ፣ በዚህም ፓሪስ ከነበረው እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም ከዉልሃውስ ጋር ከባድ ሙግት ገጠመ። በሽታው በሚታይበት ሳይሆን በተቀመጠበት ቦታ ይፈለግ የሚለው አቋም ከዚህ ይበልጥ በግልጽ አልተነገረም።

ይኸው ሰው በ1718 በኑረምበርግ ያወጣው ትልቁ የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ በጀርመንኛ የተጻፈ ነው፤ ላቲን ያልተማሩ ጸጉር አስተካካይ ቀዳጆች እንዲያነቡት። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ በደች በኩል እስከ ጃፓን ደረሰ። ስለ ዓይን ቆብ ሕመሞችም፣ መገልበጡን ጨምሮ፣ ይናገራል። እዚህ ላይ ግን ሃይስተር በሞራ ላይ ያሳየው ድፍረት አይታይም። ምክንያቱ ይገባኛል፦ የደፈረሰ ምስሪት ከሞተ ሰው ዓይን ወጥቶ በእጅ ሊያዝ ይችላል፤ የላላ ጅማት ግን በሬሳ ላይ ራሱን አይመሰክርም። ቆብ የሚፈተነው በሕያው ሰው፣ ያውም ዓይኑን ሲያርገበግብ ነው። ስለዚህ ሃይስተር ለዚህ በሽታ ያወረሰን ጥያቄውን እንጂ መልሱን አይደለም።

ከዚያ የሚቀጥለው ግማሽ ክፍለ ዘመን ለቆቡ ብዙም የሚነገር የለውም፤ ለከተማው ግን አለው። ሐኪሙ ዮሐን ክርስቲያን ዜንከንበርግ በ1763 ሀብቱን ለሕክምናና ለሳይንስ በስጦታ አቋቋመ፤ በ1772 እያሠራ ካለው የዜጎች ሆስፒታል ሕንጻ ላይ ወድቆ ሞተ፤ ሆስፒታሉ በ1779 ተከፈተ፣ ዛሬም አለ። በእነዚያው ዓመታት የፍራንክፈርቱ ልጅ ገተ የእንባ መንገድ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ በዓይኑ አይቷል። በ1770 በሽትራስቡርግ ተማሪ ሳለ፣ ፈላስፋው ሄርደር የእንባ ቦዩ ተዘግቶበት በሐኪሙ ሎብሽታይን እጅ ደጋግሞ ሲሠቃይ አጠገቡ ነበር፤ ሕክምናው አልተሳካም። በ1775 ደግሞ የገተ ወዳጅ ሐኪሙ ዩንግ ሽቲሊንግ ወደ ፍራንክፈርት ተጠርቶ ፎን ሌርስነር የተባሉትን የከተማዋን ባላባት የዓይን ሞራ ቀደደ፤ ይህም ከሸፈ። ሁለቱ ታሪኮች ስለ ቆብ አይደሉም። የሚያሳዩት ግን የዘመኑ ጎበዝ እጆች እንኳ የእንባን መውረጃና የዓይንን ውስጥ ገና በግምት እንደሚነኩ ነው። የሚፈስ እንባ ቦዩ ስለተዘጋ ይሁን ቆቡ ስለተገለበጠ፣ ሁለቱን ለመለየት የአካባቢው አሠራር በትክክል መሳል ነበረበት።

የሳለው ሳሙኤል ቶማስ ዘመሪንግ ነው። በ1801 በፍራንክፈርት ያሳተመው የሰው ዓይን የሥዕል መጽሐፍ፣ ሠዓሊው ክርስቲያን ኮክ በእርሱ ቁጥጥር የሠራቸው ሥዕሎች የተካተቱበት፣ ለዘመኑ ተወዳዳሪ አልነበረውም። ቆቦቹ፣ ሽፋሽፍቱ፣ የእንባ ቀዳዳዎቹና ቦዩ እንደ ዓይን ኳሱ ሁሉ ክብር አግኝተው ቀረቡ። ሰውየውን ሳነሣ ዝም ብዬ የማላልፈው አንድ ነገር አለ፦ ይኸው ዘመሪንግ በ1785 እዚያው ፍራንክፈርት፣ የጥቁርን ሰው አካል ከአውሮፓዊ አካል ጋር እያነጻጸረ ጥቁሩን ዝቅ የሚያደርግ መጽሐፍ አሳትሟል፤ የመረመራቸው ሬሳዎች በካስል የሞቱ አፍሪካውያን ነበሩ። አጥርቶ መሳል የሚችል ዓይን አጥርቶ መፍረድ ይችላል ማለት አይደለም። ለቆቡ ታሪክ ግን ሥዕሉ ወሳኝ ሆነ፤ ቆብ ከእንግዲህ ተራ ቆዳ መሆኑ ቀርቶ ቆዳ፣ ጡንቻ፣ ጠንከር ያለ ውስጠኛ ሰሌዳና ሽፋን የተደራረቡበት፣ በሁለት ጫፉ ከአጥንት ጋር የታሰረ አካል ሆነ። የትኛው ንብርብር እንደተበላሸ መጠየቅ የሚቻለው ንብርብር መኖሩ ሲታወቅ ነው።

ጥያቄውም ወዲያው መጣ። በ1812 ለንደን ላይ ዊልያም አዳምስ ስለ ቆብ መገልበጥ ባወጣው መጽሐፍ ከቆቡ ላይ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ አውጥቶ ጠርዙን መስፋትን አቀረበ። አሳቡ ቀላል ነው፦ የላላ ቆብ ረዝሟል፤ የረዘመ ይጠር። በ1829 ደግሞ የሀምቡርጉ ፍሪከ አዲስ ቆብ ስለ መሥራት ያሳተመው መጽሐፍ ተቃራኒውን ችግር ያዘ፤ በቃጠሎ፣ በቁስልና በፊት ቆዳ ነቀርሳ የተጎዳ ቆብ ረዝሞ ሳይሆን አጥሮ ነው የሚገለበጠው፤ ስለዚህ ከአጠገቡ ካለ ጤነኛ ቆዳ ተቆርጦ ሥሩ ሳይለቅ ተዘዋውሮ መተከል አለበት። ቤርሊን ላይ ዲፈንባህ የጉንጭን ቆዳ እያንሸራተተ ይኸንኑ ሠራ። በ1821 ቻርልስ ቤል የፊትን ነርቭ ሥራ በማሳወቁ ሦስተኛ መንስኤ ተጨመረ፦ ቆቡ አልረዘመም፣ ቆዳውም አላጠረም፤ የሚዘጋው ጡንቻ ሽባ ሆኗል። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ አንዱ በሽታ ሦስት ሆነ። ለረዘመው የሚበጀው ላጠረው ጥፋት ነው፤ በጠባሳ የተጎተተን ቆብ በአዳምስ መንገድ የሚቆርጥ ሐኪም የጎደለውን ይቀንስለታል። በፍራንክፈርት የዘመሪንግ ልጅ ዴትማር ቪልሄልም የዓይን ሐኪም ሆኖ በ1828 ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ በዓይን ውስጥ ስለሚቀረው ጻፈ፤ ያ ትውልድ ውጤቱን ተከታትሎ የሚመረምር ትውልድ ነበር፤ ያለዚህ ልማድ የትኛው ስፌት እንደጸና ማወቅ አይቻልም።

ከ1870ዎቹ ጀምሮ ስሞች ይበዛሉ፣ እኔም ፈጥኜ አልፋለሁ። ኪየቭ ላይ ያስተማረው ሺማኖቭስኪ፣ ከሞቱ በኋላ በ1870 በታተመ መጽሐፉ፣ ከቆቡ ውጫዊ ማዕዘን አጠገብ ያለ ቆዳን በሦስት ማዕዘን ቆርጦ ቆቡን ወደ ላይና ወደ ውጭ መሳብን አስተማረ። በ1883 ሄርማን ኩንት ከቆቡ መሀል የውስጠኛውን ሰሌዳና ሽፋን ቁራጭ አወጣ። የሁለቱ ቅልቅል በስማቸው ተጠርቶ ለትውልድ ሁሉ መደበኛ ቀዶ ሕክምና ሆነ። ላጠረ ቆዳ ደግሞ በ1875 የግላስጎው ዎልፍ ከክንድ ላይ ቆዳን ሙሉ በሙሉ ነጥቆ በታችኛው ቆብ ላይ ተክሎ እንደሚይዝ አሳየ፤ ሥሩ ሳይለቅ መቆየት እንደማያስፈልገው በማስረዳቱ የታልያኮዚን የሳምንታት እስር አስቀረ። ልብ በሉ፦ የሺማኖቭስኪ መሳብ ወደ ትክክለኛው ቦታ፣ ወደ ውጫዊው ማዕዘን፣ ተቃርቦ ነበር። ግን የሚስበው ቆዳን ነው፤ ቆዳ ደግሞ ይለጠጣል።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይነሣል። ይህ ሁሉ የአሳብ ሳይሆን የመድኃኒት ድል ነው የሚል። ተቃዋሚው በተለይ ፍራንክፈርትን ጠርቶ ሊከራከር ይችላል፤ ማስረጃው ደጃፉ ላይ ነውና። መስከረም 15 ቀን 1884 በሃይደልበርግ የዓይን ሐኪሞች ጉባኤ፣ ለጉዞ ገንዘብ ያጣው የቪየናው ካርል ኮለር ጽሑፍ በሌላ ሐኪም ተነበበ፤ ኮኬይን ጠብ ሲደረግበት ዓይን ይደነዝዛል። ኮኬይኑ የመጣው ከፍራንክፈርት በስተደቡብ ከምትገኘው ዳርምሽታት፣ ከሜርክ ፋብሪካ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ከከተማው በስተምዕራብ ያለው የሄክስት ፋብሪካ (ሄክስት በ1928 የፍራንክፈርት አካል ሆናለች) አልፍሬድ አይንሆርን የሠራውን ኖቮኬይን ማምረት ጀመረ፤ በዚያው ፋብሪካ ፍሪድሪክ ሽቶልስ በ1904 አድሬናሊንን በቤተ ሙከራ ሠራ፤ የላይፕሲጉ ሐኪም ሃይንሪክ ብራውን ሁለቱን አጣምሮ መውጋትን አስለመደ። አንዱ ያደነዝዛል፣ ሌላው የደም ሥሮችን አጥብቦ መድማትን ይቀንሳል። በደም ሥር በተሞላው የዓይን ቆብ ላይ ከዚህ የበለጠ ስጦታ አይገኝም። ታማሚው ነቅቶ ይጋደማል፤ ሐኪሙ ወደ ላይ ይመልከቱ፣ ይጨፍኑ፣ ቀና ይበሉ እያለ የስፌቱን ጥብቀት እዚያው ይመዝናል።

ስጦታው እውነት ነው፤ ግን ቅደም ተከተሉ ለተቃዋሚው አይመቸውም። አዳምስ፣ ፍሪከና ቤል ከማንኛውም ማደንዘዣ በፊት የነበሩ ናቸው፤ የኩንት ቀዶ ሕክምናም ከኮኬይን ዓመት ይቀድማል። ይበልጥ የሚናገረው ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ኖቮኬይንና አድሬናሊን በእያንዳንዱ የዓይን ክፍል ከገቡ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ ሐኪሞች የሽማግሌዎችን ቆብ በመሀሉ ሲያሳጥሩ ኖሩ፤ ቆቡ ለጊዜው ይጠብቃል፣ ጫፉን የያዘው ጅማት ግን ላልቶ ስለሚቀር ብዙው ተመልሶ ይወርዳል፤ አንዳንዱም መሀሉ ላይ ሸንተረር ያወጣል ወይም የዓይን ስንጥቁ ይጠብባል። መድኃኒቱ ለእጅ ጊዜ ሰጠ፤ የት እንደሚቆረጥ አልነገረውም።

ፍራንክፈርት በ1914 በዜጎቿ ገንዘብ ዩኒቨርሲቲ አቋቋመች፤ ከለጋሾቹ ብዙዎቹ አይሁዳውያን ነበሩ፤ ከ1933 በኋላ ከመምህራኑ ሲሶ ያህሉ ተባረሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቆብ ትምህርት ማዕከል ወደ አሜሪካ ዞረ። በ1966 ሐኪሙ ቢክ የሚቆረጠውን ቦታ ከመሀል ወደ ውጫዊው ጫፍ አዛወረ። በ1979 አንደርሰንና ጎርዲ ነገሩን ጨረሱት ማለት ይቻላል፦ የቆቡን ውስጠኛ ሰሌዳ ጫፍ ከቆዳና ከሽፋን ለይተው፣ ከእርሱ ራሱ አዲስ ማሰሪያ ሠርተው፣ በውጫዊው ማዕዘን በኩል ካለው የዓይን ጉድጓድ የአጥንት ጠርዝ ውስጠኛ ገጽ ጋር ሰፉት። ድንኳን ሲረግብ ሸራውን መሀል ላይ መስፋት ሳይሆን ገመዱን በካስማው ላይ ማጥበቅ ማለት ነው። በእርጅና የላላው ምን እንደሆነ መልሱ ተገኘ፤ በዋነኛነት በጫፍና በጫፍ ያሉት ጅማቶች ናቸው። የኬልሰስ እርጅና ከአሥራ ዘጠኝ መቶ ዓመት በኋላ አድራሻ አገኘ።

ይህ ሁሉ ለጥቂት ሽማግሌዎች ነው፣ ለዚህ ምን ታሪክ ያስፈልገዋል የሚልም አለ፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ ተቃውሞው ይጠነክራል፦ እኛ ዘንድ ዓይን የሚያጠፋው ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ቆብ ነው፣ በተለይ በአማራ ክልል፣ ትራኮማ ጠባሳ ሆኖ ሽፋሽፍትን በብሌን ላይ ሲያፋትግ። እውነት ነው፤ ወደ ውጭ መገልበጥ በዚያ ልክ አያሳውርም። ጥቂት ሽማግሌዎች የሚለው ግን አይቆምም። በአውስትራሊያ ብሉ ማውንቴንስ 49 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ነዋሪዎች ሲመረመሩ ከ100 ሰው ወደ 4 የሚጠጋ ተገኝቶበታል፣ ዕድሜ ሲገፋ ቁጥሩ በእጅጉ ይጨምራል። ሁለቱ መዞሮችም ዘመዳሞች ናቸው፤ የትራኮማን ቆብ አብዝቶ ወደ ውጭ ያዞረ ቀዳጅ ሌላውን በሽታ ይፈጥራል። ሦስተኛው መንስኤ፣ የነርቭ ሽባነት፣ ደግሞ ኢትዮጵያን ከጀርመን ጋር በቀጥታ ያገናኛል። የሥጋ ደዌ የፊትን ነርቭ ሲይዝ የታችኛው ቆብ ይንጠለጠላል፣ ዓይን አይከደንም፣ ብሌን ይደርቃል፣ ይቆስላል። በ1957 በቩርስቡርግ የተቋቋመው የጀርመን የሥጋ ደዌ ርዳታ ድርጅት የመጀመሪያ ሥራው በሐረር አጠገብ ያለችው ቢሲዲሞ ነበረች፤ በ1965 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የሥጋ ደዌ ማዕከሉ አለርት ተመሠረተ። እንዲህ ላለው ሰው ከሁሉ በፊት የሚፈለገው ዓይኑን መክደን ነው፤ ለዚህም የቆቦቹን ውጫዊ ጫፎች በከፊል መስፋት ከጥንታዊዎቹ መንገዶች አንዱ ነው። ለሽማግሌው የሚሠራው የጅማት ማጥበቅ ብቻውን የሞተን ጡንቻ አያስነሣም።

በዛሬዋ ፍራንክፈርት የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም ሆነ የዜንከንበርግ የዜጎች ሆስፒታል የዓይን ክፍል አላቸው፤ በከተማው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ከቀድሞዎቹ ስደተኞች ጀምሮ ወደዚህ ዕድሜ እየገቡ ነው። ጥሩ ሐኪም ስለት ከማንሣቱ በፊት ቆቡን በጣቱ ወደ ታች ጎትቶ ይለቀዋል፤ ጤነኛ ቆብ ሳያርገበግብ ይመለሳል፣ የላላው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከዓይን ኳሱ ምን ያህል ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ ይለካል፤ ታማሚው አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ሲመለከት ቆዳው ይሳብ እንደሆነ ያያል፤ ዓይኑን አጥብቆ እንዲጨፍን ይጠይቀዋል። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጀው ይህ ምርመራ አዳምስንና አንደርሰንን፣ ፍሪከንና ዎልፍን፣ ቤልን አንድ በአንድ መጠየቅ ነው። ከ1979ኙ ዘዴ በኋላም ተመልሰው የሚገለበጡ ቆቦች አሉ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ጅማታቸው በሚገባ የጠበቀ፣ ግን በፀሐይ ወይም በአሮጌ ጠባሳ ያጠረ ቆዳቸው ሳይታይ የታለፈ ናቸው። እነርሱን ለማዳን ከላይኛው ቆብ ወይም ከጆሮ ጀርባ ቆዳ ተወስዶ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይተከላል።